ጦር የጣለውን ካራ ሲዳኘው
የአደን ሥጋ ክርክር በምሥራቅ ጎጃምና በጣና ዙሪያ

ስለ አደን በሀገራችን ብዙ ተፎክሯል፤ ስለ አደን ሥጋ ግን የተባለው ጥቂት ነው። አዳኝ ግዳይ ጥሎ ሲመለስ ዘመድ አዝማድ በእልልታ ይቀበለዋል፤ ራሱን ቅቤ ይቀባል፤ እርሱም ዘራፍ ብሎ የጣለውን አውሬና የዋለበትን በረሃ እየጠራ ይሸልላል። በዚህ ሁሉ ውስጥ ሥጋው አይወሳም። ማን ገፈፈው? ማን በለተው? ማን በላው፣ ማንስ አልነካም አለ? የአደን ታሪካችን የጀግንነት ታሪክ ብቻ ሆኖ የቀረው እነዚህ ጥያቄዎች ሳይጠየቁ በመታለፋቸው ይመስለናል። በጦርና በካራ መካከል፣ ማለትም በሚገድለውና በሚያርደው መካከል፣ የኖረው ክርክር ግን ስለ ኅብረተሰባችን አኗኗር ከፉከራው ያላነሰ የሚነግረን ነገር አለው።

ከብቸና ወደ ሞጣ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘው ደብረ ወርቅ የታወቀችው በማርያም ደብሯና በሊቃውንቷ ነው እንጂ በአዳኞቿ አይደለም። ሆኖም የአገሩን አቀማመጥ ያየ ሰው ክርክሩ ለምን በእንዲህ ያለ ሥፍራ እንደሚበረታ ይገባዋል። በምዕራብ በኩል የጮቄ ከፍታ አለ፤ ወደ ምሥራቅ ሲዘልቁ ደግሞ ምድሩ እየተሰበረ ወደ ዓባይ በረሃ ይወርዳል። ደጋው የበሬና የበግ አገር ነው፤ ቆላው የድኩላ፣ የሰስ፣ የአጋዘንና የከርከሮ። በመካከሉ የመጽሐፍ አገር አለ። ከቆላ ወደ ደጋ የሚወጣ ሥጋ መጽሐፉን ሳያልፍ ከማዕድ አይደርስም።

መጽሐፉ የሚለው ምንድን ነው? ኦሪት ዘሌዋውያን በ11ኛው ምዕራፍ የሚበላውንና የማይበላውን እንስሳ ይለያል፤ ሰኮናው የተሰነጠቀና የሚያመሰኳ ይበላል፤ እሪያና ጥንቸል አይበሉም። ኦሪት ዘዳግም በ14ኛው ምዕራፍ ከዱር እንስሳት እንደ ዋላና ሚዳቋ ያሉትን ከሚበሉት ወገን ይቈጥራል። ከሁሉ ይልቅ ግን ለአዳኝ በቀጥታ የተነገረው በዘሌዋውያን 17ኛው ምዕራፍ ያለው ነው፤ አድኖ የያዘ ሰው ደሙን ያፍስስ፣ በአፈርም ይክደነው ይላል ትእዛዙ። በሐዋርያት ሥራ 15ኛ ምዕራፍም ክርስቲያኖች ከደምና ከታነቀ እንዲርቁ ተወስኗል። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ምእመን ይህን ሁሉ በአንድ ቃል ጠቅልሎ ይዞታል፦ በክት። ሳይታረድ የሞተ በክት ነው፤ በክትን የበላ ደግሞ ረክሷል።

እንግዲህ ችግሩ እዚህ ላይ ይጀምራል። በሬ ከደጅ ታስሮ፣ ተጥሎ፣ ስመ ሥላሴ ተጠርቶበት ይታረዳል፤ ምስክሩም ብዙ ነው። ድኩላ ግን በጦር ተወግቶ ገደል ገብቶ ይወድቃል። አዳኙ ካራውን ይዞ ቁልቁል ይሮጣል። ነፍሱ ሳትወጣ ከደረሰበት ሥጋው ሥጋ ነው፤ ጥቂት ከዘገየ የጅብና የአሞራ ነው። ነገሩን ያየ ደግሞ ራሱ አዳኙ ብቻ ነው። «በሕይወቱ ደረስሁበት» ይላል፤ ሥጋውን የሚበልተው ሰው ወይም ባለ ቤቱ «ደሙ ሲፈስ ማን አየ?» ይላል። ጠመንጃ እየበዛ ሲመጣ ነገሩ ይበልጥ መጥበቡን መገመት አያዳግትም፤ ጦር እያቈሰለ የሚያሯሩጠውን አውሬ ጥይት ባለበት ያስቀረዋልና። መሣሪያው በተሻለ ቍጥር ሥጋው አጠራጣሪ ሆነ።

በአንድ ገበያ የሚገናኙት የሁለቱ ሃይማኖቶች ሰዎች ካራቸው የተለያየ መሆኑም የታወቀ ነው። ክርስቲያን እስላም ያረደውን አይበላም፤ እስላምም እንዲሁ። በአደን ረገድ ግን አንድ ልዩነት አለ። በእስልምና ሕግ አዳኙ ፍላጻውን ሲለቅ ወይም የሠለጠነ ውሻውን ሲሰድ የፈጣሪን ስም ከጠራ፣ አውሬው ካራ ሳይነካው ቢሞትም ይበላል። ስለ ጥይት ግን የሕጉ ሊቃውንት ሲከራከሩበት ኖረዋል። ለአንደኛው ወገን ቡራኬው ከመሣሪያው ጋር ይወጣል፤ ለሌላው በካራው አፍ ላይ ነው ያለው። በአንድ ጫካ አብረው ያደኑ ሁለት ጎረቤታሞች አንዱን ግዳይ አብረው መብላት አይችሉም ማለት ነው። ከዚህም ሌላ የአደን ወራት በጋ ነው፤ 55 ቀን የሚፈጀው ዐቢይ ጾምም የሚውለው በበጋ ነው። በሁዳዴ የተጣለ ድኩላ እንደ ምንም ቋንጣ ሆኖ እስከ ፋሲካ ካልቆየ ለክርስቲያኑ አዳኝ ከፉከራ በቀር የሚተርፈው የለም።

የክፍያው ነገርም አለ። ለቤት እንስሳ የብልት ሕግ አለን። ዶሮ እንኳ 12 ብልት አላት፤ ሙያዋን የምታውቅ ሴት አንዱን ብታሳስት ትታማለች፤ ዶሮዋን የሚያርደው ግን ወንድ ነው። በመካከለኛው ዘመን ቤተ መንግሥት የነበረውን የግብር አገባብ የሚዘረዝረው «ሥርዓተ ግብር» የተባለው ጽሑፍ ከግብሩ ለየሹሙና ለየባለ ሙያው የሚደርሰውን ድርሻ ይወስናል። ባላገሩም በቅርጫ ጊዜ እያንዳንዱ መደብ እንዳይበላለጥ ይጠነቀቃል፤ መደቡ ከተስተካከለ በኋላ ዕጣ ይጣላል። ለአደን የነበረን ሕግ ግን የግዳይ ሕግ ነው፤ በብዙ አገር ልማድ አውሬውን አስቀድሞ ያደማው ባለ ግዳይ ይባላል፣ ኋላ የገደለው ሌላ ቢሆንም። ይህ ሕግ ጅራቱንና ጥርሱን ይዳኛል፤ ሥጋውን አይዳኝም። ክብሩ ባለቤት አለው፤ ሥጋው የለውም። በእኛ አስተያየት የጠቡ ሥር ያለው እዚህ ነው።

የስኮትላንዱ ተወላጅ ጄምስ ብሩስ ከጎንደር ተነሥቶ ወደ ሱዳን ሲወርድ፣ በ1764 ዓ.ም. ጨርቅን በተባለው ሥፍራ ያየውን የዝሆን አደን ጽፎ ትቶልናል። አዳኞቹ ሁለት ሁለት ሆነው በአንድ ፈረስ ይቀመጣሉ፤ ፊተኛው ዝሆኑን ሲያታልል ኋለኛው ወርዶ በሰይፍ ቋንጃውን ይቈርጣል። ከሁሉ የሚገርመው ግን ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ሥጋው እንደ ልጓም ጠፍር በረጅሙ እየተቀደደ በዛፍ ቅርንጫፍ ላይ ይሰጣል፤ ያለ ጨው ደርቆም ለክረምት ስንቅ ይቀመጣል። እነዚህ ሰዎች እህል እምብዛም የማያውቁ፣ ኑሯቸው በአደን የሆነ ነበሩ። አዳኙ ራሱ ባለ ሥጋ በሆነበት አገር ክርክር የለም። ዝሆን የማይበላው የደጋ መኰንን ጥርሱን ይዞ ወደ ከተማው ይመለሳል፤ ሥጋውን የሚሰጣው ሰው በዚያው በበረሃ ይቀራል፤ በፉከራውም ስሙ አይነሣም።

ክርክሩ እጅግ መራራ የሆነው ግን ዓባይ ከሚወጣበት ከጣና ዳር ነው። የደብረ ወርቅን ምሥራቅ ዞሮ የሚያልፈው ይኸው ወንዝ ከሐይቁ በሚለይበት አካባቢ ነገደ ወይጦ ይኖራሉ። ኑሯቸው ከደንገል በተሠራ ታንኳ፣ በዓሣና በጉማሬ አደን ነበር። ብሩስ ቋንቋቸው ከሌላው የተለየ መሆኑን መዝግቧል፤ በ20ኛው ምዕተ ዓመት ግን ከአማርኛ በቀር የሚናገሩት አልተገኘም። ራሳቸውን ከእስላም ወገን ይቈጥራሉ፤ እስላሙ ግን ጉማሬ ትበላላችሁ ብሎ አያቀርባቸውም ነበር፤ ክርስቲያኑም እንዲሁ። ካራ ያነጻው ዘንድ ያልተቻለ ሥጋ የበላውን ሰው ከሁለቱም ማዕድ አስወጣው።

እዚህ ላይ አንባቢ ልብ ሊለው የሚገባ ነገር አለ። የጉማሬ ሥጋ ርኩስ ነው ተባለ፤ ቆዳው ግን አልረከሰም። ከጎሽና ከጉማሬ ቆዳ የመኳንንቱ ጋሻ ይሠራ ነበር፤ ከጉማሬ ቆዳ የተሠራው አለንጋም ስሙን ራሱን ከእንስሳው ወስዶ «ጉማሬ» ተብሏል። ቆዳውን የገፈፈውና የፋቀው እጅ ከደጅ ሲመለስ፣ የፋቀው ቆዳ ግን በጌታው ክንድ ላይ ሆኖ ከአዳራሽ ይገባ ነበር። በግብር ሰዓት ጋሻው ከግድግዳው ላይ ይሰቀላል፤ የሠራውን የሚያስቀምጥ መደብ አልነበረም። ይህ ንቀት በወይጦ ብቻ የተወሰነ አልነበረም። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ አንጥረኛውን፣ ሸማኔውን፣ ቆዳ ፋቂውን በሙያው እየጠሩ መስደብን የከለከሉት ነገሩ ምን ያህል ሥር የሰደደ ቢሆን ነው። አዋጁ ስድቡን ከለከለ፤ ማዕዱን ግን ማዘዝ አልቻለም።

በዳንግላ የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ቺዝማን እ.ኤ.አ. በ1936 ስለ ጣናና ስለ ዓባይ ባሳተመው መጽሐፍ ወይጦዎችን አንሥቷቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1979 የታተመው የጋምስት ጥናት ደግሞ ገና በርእሱ ከአዳኝነት ወደ ገበሬነት መሻገራቸውን ያሳያል። ጉማሬው እየተመናመነ፣ አደኑም በሕግ እየተገደበ ሲሄድ ወደ እርሻ፣ ወደ ቆዳ ፋቂነት፣ ወደ ወፍጮ ድንጋይና ወደ ደንገል ሥራ አዘነበሉ።

ስለ ሕጉ በአጭሩ እንናገር። የዱር እንስሳት ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 61 የወጣው እ.ኤ.አ. በ1944 ነው። እ.ኤ.አ. በ1970 ደግሞ ሁለት ሕጎች በአንድ ዓመት ወጡ፤ አንዱ የዱር እንስሳት ጥበቃ ድርጅትን ያቋቋመው ትእዛዝ ቁጥር 65፣ ሁለተኛው የሥጋ ምርመራ አዋጅ ቁጥር 274። ሁለቱን ያወጡት መሥሪያ ቤቶች እርስ በርስ መተሳሰባቸውን እንጃ፤ ውጤታቸው ግን አንድ ሆነ። የመጀመሪያው አዳኙን ፈቃድ አምጣ አለው፤ ሁለተኛው አራጁን ማኅተም አምጣ አለው። በአዲስ አበባ ቄራ በሐኪም ታይቶ ማኅተም የተመታበት ሥጋ በልኳንዳ ቤት ይሰቀላል። ከገደል ሥር የታረደ ድኩላ ይህን ማኅተም ከየት ያመጣል? ቀድሞ «ደሙን ማን አየ?» የሚለው ጥያቄ የሃይማኖት ነበር፤ አሁን የጤና ጥያቄ ሆነ። ያየ ምስክር መጠየቁ ግን አልተለወጠም። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው አዋጅ ቁጥር 541ም አደኑንና በዱር እንስሳት ውጤት መነገዱን በፈቃድ ብቻ አድርጎታል።

ዛሬ ከባሕር ዳር በሞተር ጀልባ ተነሥቶ ዓባይ ከሐይቁ ወደሚወጣበት የሚሄድ እንግዳ ዕድል ከቀናው ጉማሬ ያያል። በመንገዱም ታንኳ ጭኖ የሚቀዝፍ ወይጦ ያጋጥመዋል፤ ታንኳው እንደ ጥንቱ ከደንገል የታሰረ ነው። የእንግዳው ካሜራ ሁለቱንም በአንድ ላይ ያነሣቸዋል።