ራያ ማን እንደሆነ አፅም ይነግረን ይሆን?

ክረምት ላይ ጎብዬ ቤተሰብ ልጠይቅ ሄጄ ጎረቤት ቡና ተጠራን። ወሬው ያው የሁልጊዜው ወሬ ሆነ። ራያ የአማራ ነው፣ የትግራይ ነው፣ ኦሮሞ ነው፣ የለም ራሱን የቻለ ሕዝብ ነው። ሦስት ቋንቋ አቀላጥፎ የሚናገር ሰው በተቀመጠበት ቤት ይህን መከራከር ለኔ ሁሌም ይገርመኛል። በመሃል አንድ ከዩኒቨርሲቲ የተመለሰ ልጅ ስልኩን እያሳየ፣ «ይሄ ሁሉ ጭቅጭቅ ምን ያደርጋል? ዲኤንኤ ቢመረመር በአንድ ቀን ይለይ ነበር» አለ። ጥግ የተቀመጡ አዛውንት ስኒያቸውን አስቀመጡና፣ «ልጄ፣ የናቴ እናት ከዞብል ማዶ ናት፣ የአባቴ አባት ከላስታ የወረደ ነው። እኔን ለመለየት ስንት መቃብር ልትቆፍሩ ነው?» አሉት። ቤቱ በሳቅ ሞላ።

ልጁ ግን የተናገረው ከራሱ አልነበረም። ይኸው ሐሳብ በቴሌግራም መንደር ከተጀመረ ቆይቷል። አንዱ ከአሜሪካ ምራቁን ልኮ ያስመጣውን የፐርሰንት ሰንጠረዥ ይለጥፋል፣ ሌላው በዚያ ላይ ተንተርሶ ድንበር ያሰምራል። ስለዚህ ሳይንሱ በእርግጥ ምን ማለት ይችላል የሚለውን ሳልቀልድ ልየው አልኩ።

ሩቅ አገር ባለ ጉዳይ እጀምራለሁ፤ የኛን ስለሚመስል ነው። በዛሬዋ ስኮትላንድ ሮማውያን «ፒክት» ብለው የሚጠሯቸው ሕዝቦች ነበሩ። ስሙን ያወጡላቸው ጠላቶቻቸው ናቸው፤ «የተቀቡ» እንደማለት ነው። ከዘጠነኛው መቶ ክፍለ ዘመን በኋላ ስማቸው ከመዛግብት ይጠፋል። በስምንተኛው መቶ ክፍለ ዘመን የነበረው እንግሊዛዊ መነኩሴ ቢድ ከስኪቴያ በመርከብ የመጡ፣ ሚስት ከአየርላንድ የወሰዱ፣ ስለዚህም የንግሥናው ወራሽ ባጠራጠረ ጊዜ በእናት ወገን የሚመርጡ ናቸው ብሎ ጻፈ። ይህ ተረት ከሺህ ዓመት በላይ ኖረ። በ2023 እ.ኤ.አ. ተመራማሪዎች ባሊንቶርና ለንዲን ሊንክስ ከተባሉ ሁለት ቦታዎች በወጡ አፅሞች ውስጥ ያለውን ዘረመል አንብበው አሳተሙ። ሰዎቹ ከነሱ በፊት እዚያው ብሪታንያ ከኖሩት ሰዎች ጋር የሚመሳሰሉ የአገሩ ልጆች ሆነው ተገኙ፤ ስኪቴያ አላስፈለገችም። ለንዲን ሊንክስ ላይ በእናት መስመር ብቻ የሚወረሰው የዘረመል ክፍል የተነበበላቸው ሰባት ሰዎች ደግሞ አንዳቸውም የቅርብ የእናት ዘመድ አልነበሩም። በእናት ወገን የሚቆጠር ማኅበረሰብ ቢሆን የአንድ እናት ልጆች አንድ መቃብር ላይ ይገኙ ነበር። ይህ የሚመስለው ሴት አግብታ ወደ ሌላ ሰፈር የምትሄድበትን አገር ነው፤ የኛን አገር ማለት ነው።

ስሙ ጠፋ፣ ሰዉ ግን የትም አልሄደም ነበር።

አሁን ወደ ራያ እንምጣ። የኛዎቹ ፒክቶች ዶብአ ይባላሉ። በአሥራ አምስተኛውና በአሥራ ስድስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከደጋው ጥግ እስከ አፋር በረሃ በተዘረጋው ቆላ ይኖሩ የነበሩ ሕዝቦች ናቸው። ከ1468 እስከ 1478 እ.ኤ.አ. የነገሡት ዐፄ በእደ ማርያም ዶብአን መውጋታቸው በዜና መዋዕላቸው ሰፍሯል። በ1520 እ.ኤ.አ. ከፖርቱጋል ልዑክ ጋር የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በአገራቸው ጠርዝ አልፏል፤ አንድ የዶብአ ወንድ አሥራ ሁለት ክርስቲያን መግደሉን ሳያስመሰክር ሚስት አያገባም ብሎም ጽፏል። ይህን የሰማው እነሱን ከሚፈሩት ሰዎች ነው። እኔ በበኩሌ፣ ሕጉ እንዲህ ቢሆን ኖሮ አገሩ በላጤ ይሞላ ነበር እላለሁ።

ከዚያ የኢማም አሕመድ ጦርነት መጣ፣ ቀጥሎ የኦሮሞ እንቅስቃሴ፤ ብዙ የታሪክ ጸሐፊዎች ራያና አዘቦ የሚሉት ስሞች ከዚህ ጋር እንደገቡ ይናገራሉ። ዶብአ የሚለው ስም እየሳሳ ሄዶ ጠፋ። ሰዎቹስ? ሁሉም አልቀው ወይ ተሰደው ነው የሚል አንባቢ ካለ የፒክቶችን ነገር ያስታውስ። እኔ የምገምተው ዶብአ ዛሬ ጎብዬ፣ ሮቢት፣ ቆቦ፣ አላማጣ ገበያ ላይ ማሽላ ሲሸጥ የሚውል መሆኑን ነው፤ በአማርኛ፣ በትግርኛ ወይ በኦሮምኛ እየተከራከረ። ከላስታ የወረደው፣ ከአፋር የወጣው፣ ከየጁ የመጣው ሁሉ እላዩ ላይ ተጨምሮበት።

«እሺ፣ እሱንም ቢሆን ዲኤንኤ ያረጋግጠው» ይባል ይሆናል። እዚህ ላይ የአገራችን ትልቁ ማስረጃ ሞታ ዋሻ ነው። የጎጃሟን ሞጣ ማለቴ አይደለም፣ ጋሞ ደጋ ላይ ያለ ዋሻ ነው። እዚያ በ2012 እ.ኤ.አ. የተቆፈረ የ4,500 ዓመት አፅም «ባይራ» የሚል ስም ወጣለት፤ በጋሞኛ የበኩር ልጅ ማለት ነው። ዘረመሉ የተገኘው ከጆሮ ጀርባ ካለችው፣ ከሰውነት ሁሉ ከምትጠነክረው የራስ ቅል አጥንት ነው። ሙቀት ዲኤንኤን ስለሚያፈርስ ከአፍሪካ ምድር እንዲህ ያለ ነገር ማግኘት ከባድ ነበር፤ ዋሻው ወደ 2,000 ሜትር ከፍታ ላይ ያለና ቀዝቃዛ መሆኑ ረዳ። ውጤቱ በ2015 እ.ኤ.አ. በሳይንስ መጽሔት ሲወጣ ከአፍሪካ የተነበበ የመጀመሪያው ሙሉ ጥንታዊ ዘረመል ተባለ። ዛሬ ካሉት ሕዝቦች ባይራን ከሚቀርቡት ዋነኞቹ የደቡብ ኦሞ አሪዎች ናቸው።

ጽሑፉ ግን ሌላ ትልቅ ነገርም አውጆ ነበር፤ ከምዕራብ እስያ የመጣ የዘር ፍልሰት እስከ ምዕራብና መካከለኛው አፍሪካ ድረስ በመላው አህጉር ተሰራጭቷል የሚል። የዓለም ሚዲያ ተቀባበለው። ወራት ሳይቆይ ሌሎች ሊቃውንት መረጃውን ሲመረምሩ ሁለት የኮምፒውተር ፕሮግራሞች ሳይጣጣሙ ቀርተው ከባይራ ዘረመል ውስጥ ብዙ ነጥቦች ተዘልለው እንደነበር ታወቀ። ደራሲዎቹ በ2016 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ስህተታቸውን አመኑ። የምሥራቅ አፍሪካው ግኝት ጸና፣ የመላው አህጉሩ ወደቀ። እንዲህ ማረማቸው የሚያስመሰግን ነው። ያሳዘነኝ ዜናው በየቋንቋው ሲሮጥ እርማቱ እግር ማጣቱ ነው፤ ዛሬም የቀድሞውን ርዕስ የሚለጥፉ ቻናሎች አሉ።

የንግሥተ ሳባውም ወሬ እንዲሁ ነው። በ2012 እ.ኤ.አ. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር እንዳሻው በቀለ የተሳተፉበት ጥናት፣ ሴማዊና ኩሻዊ ቋንቋ የሚናገሩ ኢትዮጵያውያን ዘረመል ከ40 እስከ 50 በመቶው ከአፍሪካ ውጭ ካሉ ሕዝቦች ጋር እንደሚዛመድ፣ መቀላቀሉም ከ3,000 ዓመት በፊት አካባቢ እንደሆነ ገመተ። ወዲያው ክብረ ነገሥት በሳይንስ ተረጋገጠ ተባለ። ዳሩ ግን መቀላቀል በተደጋጋሚ ሲሆን ስሌቱ የሚያወጣው ዓመት የመጀመሪያውን ቀን አያሳይም፣ መሃል ላይ ይወድቃል። በ2019 እ.ኤ.አ. ከኬንያና ከታንዛኒያ የወጡ የ41 ሰዎች ጥንታዊ አፅሞች ሲነበቡ እንዲህ ያለው ቅልቅል ከ5,000 ዓመት በፊት፣ ከሰሎሞን እጅግ ቀድሞ፣ ከብት ይዘው ከወረዱ አርቢዎች ጋር እንደነበር ታየ። ከንግሥት ጉዞ ይልቅ የእረኛ ጉዞ ነው።

ለራያው ክርክር የሚበጀው ደግሞ በዚያው በ2012ቱ ጥናት ውስጥ አለ። ሴማዊና ኩሻዊ ተናጋሪዎቹ፣ አማራውም ትግራዩም ኦሮሞውም፣ በዘረመል ካርታው ላይ አንድ ላይ ተጠጋግተው ነው የተገኙት። በ2021 እ.ኤ.አ. ከ68 ብሔረሰቦች የተውጣጡ 1,214 ሰዎችን የያዘው ሌላ ጥናትም ቋንቋቸው የተራራቀ ሆኖ ሳለ ዘራቸው የተቀራረበ ሕዝቦችን አግኝቷል። ስለዚህ በዲኤንኤ ድንበር ላሰምር ያለ ሰው መስመሩ የጎብዬውን አዛውንት ቤት መሃል ለመሃል ሰንጥቆ ያልፋል።

እኔን ከሁሉም ያስደነገጠኝ ግን የአሪዎቹ ጉዳይ ነው። አሪ ውስጥ ገበሬና ቀጥቃጭ አይጋቡም። ለቀጥቃጮቹ የተለየ ዘር ይነገርላቸው ነበር፤ ገበሬው ሳይመጣ የነበሩ የጥንት አዳኞች ቅሪት ናቸው እየተባለ። የዘረመል ሠንጠረዡም ሲታይ በእርግጥ ለብቻቸው ቆመው ይታያሉ። በ2015 እ.ኤ.አ. የለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተመራማሪዎች ጠልቀው ሲያዩት ገበሬውና ቀጥቃጩ የአንድ አባት ልጆች ሆኑ። የተለያዩት ባለፉት 4,500 ዓመታት ውስጥ ነው። ቀጥቃጮቹ ተገልለው፣ ጥቂት ሆነው፣ እርስ በርስ ብቻ ሲጋቡ ኖረው ነው ዘረመላቸው የተለየ የመሰለው። ማግለሉ ልዩነቱን ወለደ እንጂ ልዩነቱ ማግለሉን አልወለደም።

ይህን ሳነብ ያደግኩበትን አገር አሰብኩ። እኛም ዘንድ ቀጥቃጩን ቡዳ የሚል ሰው ዛሬም አለ። ዐፄ ምኒልክ ባለእጅን መስደብ በአዋጅ ከልክለው ነበር፤ አዋጁ አልፎ ስድቡ ቀረ። አሁን ደግሞ በላቦራቶሪ ወረቀት አዲስ ቡዳ ልንፈጥር የተነሣን ይመስላል። አንድን ሕዝብ ለትውልዶች ለይታችሁ ብታኖሩት አንድ ቀን በዲኤንኤም ተለይቶ ይገኛል፤ ያኔ የሚፈርደው ሰው «አላልኳችሁም?» ይላል።

ወደ ቡናው ልመለስ። በረካው ላይ ቡና የምታፈላዋ እመቤት፣ እስከዚያ ድረስ ዝም ብለው ይሰሙ የነበሩት፣ ልጁን ዞር ብለው፣ «ይሄ ያልከው ነገር የጠፋ ልጅ ያገኛል ወይ?» አሉት። ጎብዬ በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ያለፈበት ቦታ ነው። ልጃቸው ከቤት ከወጣ ጀምሮ ወሬው የለም። ልጁ መልስ አጣ፤ ያን ቀን እኔም ዝም አልኩ።

መልሱ «አዎ፣ ያገኛል» ነው። ስለ ጥንት ከሚጨቃጨቁበት ይልቅ ለዚህ ነው የሚያስተማምነው፤ ሺህ ዓመት ያስቆጠረ ቅልቅል ሲገመት ብዙ ነገር ይሳሳታል፣ የአንድ እናትና የአንድ ልጅ ዝምድና ግን በግልጽ ይለያል። አገራችንም ለአፅም ምርመራ እንግዳ አይደለችም። ደርግ ከወደቀ በኋላ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. የአርጀንቲና የፎረንሲክ አንትሮፖሎጂ ቡድን መጥቶ በቀይ ሽብር የተገደሉ ሰዎችን የጅምላ መቃብሮች ከፍቷል፤ ያወጣውም ለፍርድ ቤት ማስረጃ ሆኗል። ቡድኑ ሥራውን የጀመረው በገዛ አገሩ፣ ልጆቻቸውንና የልጅ ልጆቻቸውን በፈለጉ ሴቶች ዘመን ነው።

ከእናትየዋ የሚፈለገው ጉንጫቸውን ከውስጥ በጥጥ መጥረግ ብቻ ነው። ከመሬቱ የሚፈለገው ይበዛል፦ መቃብሩ የት እንዳለ፣ ማን መቼ እንደቀበረ የሚያውቅ ሰው፣ ማረሻ ሳይነካው ቦታውን ያጠረ፣ በደብተርም ቢሆን የጻፈ። ዞብል ሥርና በመንገዱ ዳር ያሉትን መቃብሮች የቀበሩት ገበሬዎች ዛሬ በሕይወት አሉ፣ ቦታውንም ያስታውሳሉ። እስካሁን ማንም መጥቶ አልጠየቃቸውም አሉኝ።