የልጅ ቀን የማን ነበር?
ስለ ሕፃናት ጨዋታና ትምህርት መለዋወጥ አጭር ጥናት

መግቢያ

ስለ አገራችን የትምህርት ታሪክ የሚጻፈው አብዛኛውን ጊዜ ስለ ትምህርት ቤቶች መቋቋም፣ ስለ መምህራን መምጣትና ስለ ተማሪዎች ቁጥር ማደግ ነው። ሕፃኑ ከመምህሩ ፊት ከተነሣ በኋላ ምን ያደርግ እንደ ነበረ ግን እምብዛም አይነገርም። ምክንያቱም ግልጽ ነው። ትምህርት ቤት መዝገብ አለው፤ ጨዋታ መዝገብ የለውም። ይሁን እንጂ የአንድ ልጅ አስተዳደግ የሚታወቀው በተማረበት ሰዓት ብቻ ሳይሆን ማንም ሳያዘው በዋለበት ሰዓትም ጭምር ነው።

የዚህ ጽሑፍ አሳብ በመካከለኛውና በሰሜኑ የአገራችን ክፍል፣ ይልቁንም በአማርኛ ተናጋሪው ሕዝብ ዘንድ፣ የልጆች የጨዋታ ጊዜና ትምህርት ከዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ዘመን ወዲህ እንዴት እንደ ተለወጠ መመርመር ነው። በዚህ ነገር ላይ ሁለት ተቃራኒ አስተያየት ሲነገር እንሰማለን። አንደኛው ወገን የድሮ ልጅ እንደ ልቡ ተጫውቶ አደገ፤ የዛሬው ግን በጥናት ታሰረ ይላል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ የድሮ ልጅ ዕድሜውን በከብት ጥበቃ ፈጀ፤ የዛሬው ዕድለኛ ነው ይላል። በእኛ አስተያየት ሁለቱም ጥያቄውን በሚገባ አላነሡትም። መጠየቅ የሚገባው ልጁ ስንት ሰዓት ተጫወተ የሚለው ሳይሆን፣ በልጁ ቀን ላይ የሚያዝበት ማን ነበር የሚለው ነው። በፈረንጅ አቆጣጠር መሆኑ ካልተገለጸ በቀር ዓመታቱ ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።

1. ሥራና ጨዋታ ያልተለዩበት ዘመን

በገጠር አንድ ወንድ ልጅ አምስት ወይም ስድስት ዓመት ሲሆነው ጥጃና ግልገል ይጠብቃል፤ ከፍ ሲል በግና ፍየል፣ ቆይቶም የቀንድ ከብት ይረከባል። ማለዳ ከብቱን ነድቶ ከወጣ በኋላ እስኪመሽ ድረስ ከአባቱና ከእናቱ ዐይን ውጭ ነው። ከብቱ በሰላም እስከ ጋጠ ድረስ ሰዓቱ የራሱ ነው። በመሬት ላይ ጉድጓድ ምሶ በጠጠር ገበጣ ይጫወታል፤ ከጓደኞቹ ጋር ይታገላል፤ ወንጭፍ ይወነጭፋል፤ ከሸምበቆ ዋሽንት ያበጃል። ለቡሄ ጅራፍ ይገምዳል፤ ለገና ቆልማማ ዱላና ሩር ያዘጋጃል። ይኸው ጅራፍ ነገ ከብት መንጃ ነው። ስለዚህ ሥራውና ጨዋታው በአንድ ሰዓትና በአንድ መስክ የሚፈጸሙ ስለ ነበሩ አንዱን ከሌላው ለይቶ መቁጠር አይቻልም። ነገር ግን ይህ ነፃነት ዋጋ ነበረው። በገበጣው ልቡ ተወስዶ ከብቱን እህል ያስበላ እረኛ ማታ የሚጠብቀው አርጩሜ ነበር።

የሴት ልጅ ቀን ከዚህ የተለየ ነው። ውሃ መቅዳት፣ እንጨት መልቀም፣ ታናሽ ማዘል፣ ጥጥ መፍተል፣ ስፌት መስፋት ሁሉ የእርስዋ ድርሻ ነበረ። ሥራዋም በእናቷ ዐይን ሥር ስለሚፈጸም እረኛው በመስክ የሚያገኘውን ልቅ ሰዓት አታገኝም። እቃቃ ስትጫወት እንኳ የምትጫወተው ወጥ ሠሪና እናት ሆና ነው፤ ቅልብልቦሹንም የምትጫወተው ታናሽዋን አዝላ ወይም አጠገብዋ አስቀምጣ ነው። በዓመት አንድ ጊዜ፣ በእንቁጣጣሽ፣ አበባ ይዛ ከእኩዮችዋ ጋር ከደጅ ወደ ደጅ ስትዞር መንደሩ ሁሉ የእርስዋ ይሆናል። እንግዲህ የድሮ ልጅ እንደ ልቡ ተጫወተ የሚሉ ሰዎች ብዙውን ጊዜ የሚናገሩት ስለ ወንዱ ልጅ ብቻ መሆኑን ልብ ማለት ይገባል።

ማታ ግን ሁሉም በእሳት ዙሪያ ይሰበሰባል። እንቆቅልሽ ሲባል ምን አውቅልህ ይባላል፤ መልሱን ያጣው አገር እንዲሰጥ ይጠየቃል። ልጁ በዚህ ጨዋታ የአገሩን ስም፣ የነገርን ምሳሌና የንግግርን ሥነ ሥርዓት በአንድነት ይማራል። አስተማሪዎቹ አያቶቹና ታላላቆቹ ናቸው።

የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ለጥቂቶች የነበረ ቢሆንም መንገዱ ረጅም ነው። ልጁ ከፊደልና ከአቡጊዳ ጀምሮ በንባብ ቤት ያልፋል፤ ብዙው ሰው ዳዊት ከደገመ በኋላ ይበቃዋል። የሚቀጥለው ግን ወደ ዜማ ቤት፣ ወደ ቅኔ ቤትና ወደ መጽሐፍ ቤት ለመግባት ወላጆቹን ትቶ አገር ላገር ይዞራል። ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቦ፣ በእንተ ስማ ለማርያም እያለ በየደጁ ይለምናል፤ ውሻም ይታገላል። አለቃ እምባቆም ቃለ ወልድ ስለ አብነት ትምህርት በጻፉት ውስጥ የዚህ ትምህርት ሥርዓት በሰፊው ይገኛል። ለእኛ ጥያቄ የሚጠቅመው ይህ ነው፤ የቆሎ ተማሪ ትምህርቱን የሚያቋርጠው ለጨዋታ ሳይሆን ለዕለት ቁራሽ ነበረ። የእርሱ ቀን የመምህሩና የረኀቡ ነው።

በዚያ ዘመን ቋንቋችን ራሱ ትርፍ ጊዜን በበጎ ዐይን አይመለከትም ነበር። ሥራ ፈት የሚለው ቃል እስከ ዛሬ ድረስ ስድብ ነው። ዕረፍት ደግሞ የበዓልና የሰንበት፣ ወይም የሞት ስም እንጂ የልጅ ሰዓት ስም አልነበረም።

2. ደወሉ ከመጣ በኋላ

በ1900 ዓ.ም. አካባቢ (በፈረንጅ 1908) ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በስማቸው የተጠራውን ትምህርት ቤት በአዲስ አበባ ከፈቱ። የመጀመሪያዎቹ መምህራን የግብፅ ቅብጦች ሲሆኑ የውጭ አገር ቋንቋዎች በብዛት ይሰጡ ነበር። በ1917 ዓ.ም. የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ተከተለ፤ በፈረንጅ 1931 ደግሞ የእቴጌ መነን የሴቶች ትምህርት ቤት ተከፈተ። ተማሪዎቹ ጥቂቶች ቢሆኑም በልጅ ቀን ላይ የመጣው ለውጥ ትልቅ ነበረ። ልጁ እድሜው ከሚመሳሰሉ ልጆች ጋር በአንድ ክፍል ተቀመጠ፤ ቀኑም በደወል ተከፋፈለ። ደወል ሲደወል ይማራል፤ ሁለተኛ ሲደወል ዕረፍት ይወጣል፤ ሦስተኛ ሲደወል ይመለሳል። ሥራና ጨዋታ ለመጀመሪያ ጊዜ በሰዓት ተለያዩ። ዕረፍት የሚለው ቃልም የልጅ ቃል ሆነ።

ጨዋታውም ራሱ ተለወጠ። የገና ጨዋታ ወሰን የለሽ ነው፤ መንደር ከመንደር ሲገጥም የተጫዋቹ ቁጥር አይወሰንም፤ በዚያ ዕለት ጌታ በሎሌው አይቆጣም ይባላል። እግር ኳስ ግን 11 ለ11፣ በተወሰነ ሜዳ፣ በተወሰነ ደቂቃና በዳኛ ፊሽካ የሚካሄድ ነው፤ ከትምህርት ቤቱ ደወል ጋር በጣም ይስማማል። የቅዱስ ጊዮርጊስ ክለብ በ1928 ዓ.ም. ሲመሠረት የከተማው ወጣት ልብ ወደ አዲሱ ጨዋታ ማዘንበል ጀምሮ ነበር። በዚያው ዓመት በፈረንጅ 1935 ፈረንሳዊው ሊቅ ማርሴል ግሪዮል ስለ ኢትዮጵያ ጨዋታዎች መጽሐፍ ማሳተሙም የሚያስገርም ግጥሚያ ነው። እኛ ሳንጽፈው የነበረውን የልጆቻችንን ጨዋታ የጻፈው የውጭ አገር ሰው ሆነ።

ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው የጠላት ወረራ ትምህርት ቤቶቹ ተዘጉ፤ ወይም ለጠላት አገልግሎት ዋሉ፤ ከተማሩት ወጣቶችም ብዙዎቹ ተገደሉ። ከነፃነት በኋላ ሥራው እንደገና ተጀመረ። በ1935 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በኮተቤ ተከፈተ፤ በ1943 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ኮሌጁ ሥራ ጀመረ። በግንቦት 1953 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተሰበሰበው የአፍሪካ አገሮች የትምህርት ጉባኤ በፈረንጅ 1980 የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ለሁሉ እንዲዳረስ ዕቅድ አወጣ። ጉባኤውን ባስተናገደችው አገር ግን የሚበልጠው ልጅ ገና ከትምህርት ቤት ውጭ ነበረ።

በገጠር ትምህርት ቤት ሲከፈት ደወሉ ከእርሻው ጋር ተጋጨ። የትምህርቱ ዘመን ከመስከረም እስከ ሰኔ ነው፤ መኸር የሚሰበሰበው ግን በኅዳርና በታኅሣሥ፣ ልጁ በክፍል መቀመጥ በሚገባው ጊዜ ነው። ትልቁ ዕረፍት የሚሰጠው በክረምት ነው፤ ክረምት ደግሞ የእርሻና የአረም ጊዜ ነው፤ ቡቃያውም እንዳይበላ ከብቱ አጥብቆ የሚጠበቀው ያን ጊዜ ነው። ስለዚህ ለከተማው ልጅ ዕረፍት የተባለው ለገጠሩ ልጅ የሥራ ወራት ሆነ። አንድ ደወል ለሁለት ዐይነት ልጅ ተደወለ ማለት ነው።

ማታ በእሳት ዙሪያ የሚነገረው ተረትም አዲስ ቦታ አገኘ። በ1957 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራ ሲጀምር አርቲስት ተስፋዬ ሣህሉ፣ ልጆች ሁሉ አባባ ተስፋዬ የሚሏቸው፣ ተረት መንገር ጀመሩ፤ ወደ 40 ዓመት ለሚጠጋ ጊዜም ቀጠሉ። የአንድ ቤት አያት የነበረው ወግ የብዙ ቤት አያት አገኘ። ነገር ግን የቴሌቪዥኑ አያት ይናገራሉ እንጂ ልጁ እንቆቅልሽ ሲላቸው ምን አውቅልህ ሊሉት አይችሉም። ልጁ ከተራኪነት ወደ አድማጭነት ተዛወረ።

3. ከ1967 ዓ.ም. ወዲህ

በ1967 ዓ.ም. የዕድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ 60,000 የሚደርሱ ተማሪዎችንና መምህራንን ወደ ገጠር አሰማራ። በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻም ወጣቱን አስተማሪ አደረገው። በዚያ ጊዜ የተማሪው ትርፍ ጊዜ የወላጅም የራሱም ሳይሆን የመንግሥት ሆነ። እናት ከልጇ እኩል ፊደል ስትቆጥር የታየችውም ያን ጊዜ ነው። በጎውንና ክፉውን ለይቶ መመዘን የዚህ ጽሑፍ ድርሻ አይደለም፤ ለጥያቄያችን የሚበቃው የቀኑ ባለቤት እንደገና መለወጡ ነው።

የተማሪው ቁጥር ከክፍሉ ሲበልጥ ብዙ ትምህርት ቤቶች በፈረቃ ማስተማር ያዙ። የጠዋት ፈረቃ ተማሪ ከሰዓት በኋላ ነፃ ነው። በከተማ ሰፈር በጨርቅ ኳስ፣ በብይ፣ በሰኞ ማክሰኞና በገመድ ዝላይ ያደገው ትውልድ ያደገው በዚህ ግማሽ ቀን ነው። ይህን ነፃነት ያስገኘው የክፍል እጥረት እንጂ የትምህርት አሳቢዎች ጥበብ አልነበረም።

የ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ከወጣ በኋላ የአንደኛ ደረጃ ተማሪ ቁጥር ከ3 ሚሊዮን በታች ከነበረበት በ2000 ዓ.ም. አካባቢ ወደ 15 ሚሊዮን ደረሰ። ልጆች በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው መማር ጀመሩ። ከሁሉ ይልቅ የተጠቀመችው ሴት ልጅ ናት። ለእርስዋ ትምህርት ቤት ጨዋታን የወሰደ ቦታ አይደለም፤ ከጓደኞችዋ ጋር ያለ እንስራና ያለ ልጅ ማዘል የምትቆምበትን የመጀመሪያ ሜዳ የሰጣት ነው። እቤት ስትመለስ ግን ውሃውና እንጨቱ ይጠብቋታል።

በትልልቅ ከተሞች አሁን ያለው ሁኔታ የተገላቢጦሽ ነው። የግል ትምህርት ቤት ልጁን ሙሉ ቀን ይይዘዋል፤ ማታ የቤት ሥራ፣ ቅዳሜ ማጠናከሪያ ይከተላል። ሜዳው ሕንፃ ሆኗል፤ መንገዱ የመኪና ሆኗል። የቀረችውን ሰዓት ስልክ ይወስዳታል። ብዙ ገበጣ የሚያውቁ አያቶች ባሉበት ቤት አንድም ገበጣ የሚያውቅ የልጅ ልጅ አይገኝም።

ይሁን እንጂ ከትምህርት ነፃ የሆነ ጊዜ ሁሉ የጨዋታ ጊዜ ነው ብሎ ማሰብ ስሕተት ነው። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በወረርሽኙ ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ በገጠር ያለ ልጅ ወደ እርሻና ወደ ጥበቃ ተመለሰ። በትግራይ ወረርሽኙና ጦርነቱ ተያይዘው ትምህርት ቤቶች ለ3 ዓመት ያህል ተዘግተው ኖሩ። ያ ጊዜ ለልጆቹ ዕረፍት ነበር የሚል የለም። ጨዋታ ሰላምና የጠገበ ሆድ ይፈልጋል።

መደምደሚያ

ከላይ ከተመለከትነው እንደምንረዳው የልጅ ቀን በየዘመኑ ባለቤቱን ለውጧል። በመጀመሪያ የከብቱና የእናት ጓዳ፣ ቀጥሎ የደወሉ፣ ከዚያም የመንግሥቱ፣ አሁን ደግሞ የፈተናውና የስልኩ ነው። የልጁ የራሱ የነበረችው ሰዓት በየዘመኑ በባለቤቶቹ መካከል ሾልካ የተገኘች ናት፤ ማንም አስቦ የሰጠው የለም። እረኛው ከብቱ ሲጋጥ አገኛት፤ የፈረቃው ተማሪ ክፍል ሲጠብ አገኛት። የዛሬው የከተማ ልጅ መከራ ቀኑ ምንም ቀዳዳ የሌለው መሆኑ ነው።

ስለዚህ ትምህርትን የሚያቅዱ ሰዎች የመማሪያውን ሰዓት ሲቆጥሩ የጨዋታውንም ሰዓትና ሜዳ አብረው ቢቆጥሩ መልካም ነው። የገጠሩም ትምህርት ቤት የትምህርት ወራቱን ከመኸሩ ጋር ቢያስማማ ብዙ ልጅ ከማቋረጥ ይድናል። ለእኛ ለተማሪዎች ግን የቀረበ ሥራ አለ። ገበጣን፣ ገናንና እንቆቅልሽን የሚያውቁ ሽማግሌዎች ገና በመካከላችን አሉ። እያንዳንዳችን ለበዓል ወደ አገራችን ስንሄድ የጨዋታውን ደንብ ከእነርሱ ጠይቀን፣ እንደ አገሩ ልዩነት ጽፈን ብንመለስ፣ መዝገብ ያልነበረው ጨዋታ መዝገብ ያገኛል። ግሪዮል የጀመረውን የምንጨርሰው እኛ ልንሆን ይገባል።