እንግዳውና ቅኝቱ

የባዕድ አገር ሰው የሌላውን ሕዝብ ባሕል በሁለት መንገድ ይቀርበዋል፤ ወይ ከድግሱ ዳር ቆሞ ይመለከታል፣ ወይ ከውስጥ ገብቶ የሥራው ተካፋይ ይሆናል። በዘመናዊ ሙዚቃችን ታሪክ አርመናውያን ስደተኞች የተጓዙት በሁለተኛው መንገድ ነበር።

ራስ ተፈሪ መኰንን በ1916 ዓ.ም. ኢየሩሳሌምን ሲጎበኙ ከኦቶማኑ እልቂት የተረፉ ወላጅ አልባ ልጆች ሙዚቃ ሲጫወቱ ሰሙ። በዚያው ዓመት ፍጻሜ አርባው ልጆች ከመሪያቸው ከኬቮርክ ናልባንዲያን ጋር አዲስ አበባ ገቡ። ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. በንግሥ በዓሉ ላይ የተሰማው መዝሙር ግጥሙ የዮፍታሔ ንጉሤ፣ ዜማው የናልባንዲያን ነበር። ስደተኛው የባለአገሩን ቃል አዜመ።

መዝሙሩ ከዘውዱ ጋር አለፈ፤ ትግሉ ግን ቀጠለ። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ በአምስት ድምፅ የቆሙ ቅኝቶች ናቸው። የአውሮፓ ኅብረ ድምፅ በጥድፊያ ሲጫንባቸው ለዛቸው ይጠፋል። በ1948 ዓ.ም. በተከፈተው፣ በዛሬው ብሔራዊ ቴአትር፣ ኦርኬስትራውን የመሩት የኬቮርክ የወንድም ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያን የገጠማቸው ችግር ይኸው ነበር። ለመለከትና ለሳክስፎን ከማቀናበራቸው በፊት ቅኝቱን ማድመጥ ግድ ሆነባቸው፤ መምህሩ አስቀድሞ ደቀ መዝሙር ሆነ።

ስለዚህ «ዘመናዊ ሙዚቃን ባዕድ ሰጠን» ማለት አዝማሪውን መካድ ነው፤ የባዕዱን ድካም መሰረዝም ታሪክን ማጉደል ነው። የጥበብ ታሪክ ጸሐፊ ለሰጪውም ለተቀባዩም ድርሻቸውን ሊያስረክብ ይገባዋል።