የባለጸጋው በግ አርቢ ስጦታና ዕዳ

በወላይታ፣ ከአረካ ከተማ አቅራቢያ የምትገኘው ዱቦ በካቶሊክ ሚሲዮኗና በቅድስት ማርያም ሆስፒታሏ ትታወቃለች። በሌላኛው የዓለም ጫፍ፣ በአውስትራሊያዋ ኒው ሳውዝ ዌልስ ግዛትም፣ ዱቦ የምትባል የበግና የስንዴ አገር ከተማ አለች። የስሞቹ መመሳሰል አጋጣሚ እንጂ ዝምድና አይደለም። ይሁን እንጂ ሁለቱን ጎን ለጎን ላያቸው ሰው አንድ የጋራ ጥያቄ ይነሣል፤ ከመሬት የተገኘ ሀብት ለሕዝብ የሚመለሰው በምን መልክ ነው? ለማንስ ነው የሚመለሰው? ለዚህ ጥያቄ መልስ ፍለጋ የአንድ አውስትራሊያዊ በግ አርቢን ሕይወት መመርመር ይጠቅማል። ሰውየው ሰር ሳሙኤል ማካሂ ይባላል። (በተለይ ካልተጠቀሰ በስተቀር ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ማካሂ በ1835 በአየርላንድ ሰሜናዊ ክፍል፣ በባሊሚና አካባቢ ተወለደ። በ1856 ከአጎቱ ጋር ባሕር ተሻግሮ አውስትራሊያ ገባና በቪክቶሪያ፣ በሆርሻም አቅራቢያ ባለ የበግ እርባታ ሥራ ጀመረ። በ1860 ከሸሪኮቹ ጋር በኒው ሳውዝ ዌልስ ደቡብ ኩኖንግ የተባለውን ርስት ያዘ። ስፍራው ሣር እንጂ ውኃ አልነበረውም። ማካሂ ኩሬ እያስቆፈረ፣ ጅረት እየገደበ፣ የዘመኑን የእንፋሎት ማሽን ለቁፋሮና ለውኃ መሳቢያ እያዋለ መንጋውን አበዛ። ለዝናብ ከመጸለይ ባሻገር ውኃን ማጠራቀም እንደሚቻል ቀድሞ የተረዳ ሰው ነበር።

በ1888 በይዞታው ሥር የነበሩት ርስቶች ከ3 ሚሊዮን ኤከር በላይ ደርሰው ነበር። ይህ የዛሬውን የወላይታ ዞን ከሁለት ጊዜ በላይ የሚያጥፍ መሬት ነው። በዚያው ዓመት አንድ ሚሊዮን ያህል በጎቹ ተሸለቱ። በዳርሊንግ ወንዝ ዳር በሚገኘው ደንሎፕ በተባለው ርስቱም የመላው መንጋ ጸጉር በእጅ መቀስ መሆኑ ቀርቶ በማሽን ተሸለተ፤ ይህም ለዓለም የሱፍ ኢንዱስትሪ አዲስ ምዕራፍ የከፈተ ነበር። የነካው ሁሉ ግን አልሰመረለትም። በ1880ዎቹ ከአሜሪካዋ ቨርሞንት ያስመጣቸው ቆዳቸው እጥፍጥፍ የሆነ የሜሪኖ በጎች ለመሸለት አስቸጋሪ፣ ለዝንብ እጭም የተጋለጡ ሆኑ፤ ውሎ አድሮም የአገሩ አርቢዎች ተዉአቸው።

ከ1895 እስከ 1903 የዘለቀው ታላቅ ድርቅ የአውስትራሊያን የበግ ብዛት ወደ ግማሽ ገደማ አወረደው። ማካሂ በዚያ የመከራ ጊዜ፣ በ1900፣ በመረምቢጂ ወንዝ አጠገብ ኖርዝ ያንኮ የተባለውን ርስት ገዝቶ 320 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም የመስኖ ቦይ ዘረጋ። 40,000 ኤከር ያህል መሬትም ውኃ ጠጣ። በእርሱ ርስት ላይ በተግባር የታየው ነገር መንግሥት ራሱ እጁን እንዲያስገባ አንዱ ምክንያት ሆነ። በ1907 የበሪንጃክ ግድብ ሥራ ተጀመረ፤ በ1912 ውኃው በመንግሥት ቦይ ወደ ያንኮ አካባቢ ደረሰ፤ ለአንድ ባለ ርስት በግ ማሰማሪያ የነበረው ሜዳም ተከፋፍሎ ለአነስተኛ ገበሬዎች የሚታደል እርሻ ሆነ። በእኔ ግምት የሰውየው ትልቁ ስጦታ ከገንዘቡ ይልቅ ይህ ምሳሌነቱ ነው።

ገንዘቡም ቢሆን ጥቂት አልነበረም። ማካሂ ከ1899 ጀምሮ የግዛቲቱ የላይኛው ምክር ቤት አባል፣ በ1905 ደግሞ የሰርነት ማዕረግ ተቀባይ ሆኗል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ለ20 የጦር አውሮፕላኖች መግዣ ሰጥቷል። በ1919 ሚስት ሳያገባ ሲሞት ከ1.6 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ የሚገመት ሀብት ተወ። ከዚህም ውስጥ 250,000 ፓውንድ ለሞቱና አካላቸው ለጎደለ ወታደሮች ልጆች ትምህርት ዋለ። የሲድኒ ዩኒቨርሲቲ 458,000 ፓውንድ ያህል ሲደርሰው፣ የኩዊንስላንድ ዩኒቨርሲቲ የዚያን ግማሽ የሚጠጋ አገኘ። የሲድኒው የፈረንሳይኛ ፕሮፌሰርነት መንበር በስሙ ተሰይሟል። የያንኮ መኖሪያው ደግሞ በ1922 የእርሻ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሆነ።

እስከዚህ ድረስ ያለው የምስጋና ታሪክ ነው። ታሪክ ግን በምስጋና ብቻ አይጻፍም። ለመሆኑ ያ ሁሉ መሬት ከማካሂ በፊት የማን ነበር? ከዱቦ አንሥቶ እስከ ኩኖንግና እስከ ያንኮ ያለው ምድር የዊራጁሪ ሕዝብ አገር ነው። በ1824 የቅኝ ግዛቲቱ ገዥ በባተርስት አካባቢ የጦር አገዛዝ አውጆ ይህን ሕዝብ በጠመንጃ አንበርክኮታል። ማካሂ አውስትራሊያ ሲደርስ መሬቱ በሕግ ዓይን የንግሥቲቱ ነበርና እርሱ የገዛውም የተከራየውም ከዚያው «ሕጋዊ» ባለቤት ነው። መሬቱ ባለቤት አልነበረውም የሚለውን ፍልስፍና የአውስትራሊያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት የሻረው በ1992 በማቦ ጉዳይ ነው። ከሲድኒ ዩኒቨርሲቲ የተመረቀ የመጀመሪያው የነባሩ ሕዝብ ተወላጅ ወንድ ተብሎ የሚጠቀሰው ቻርልስ ፐርኪንስ ዲግሪውን የያዘው በ1966፣ ማካሂ ከሞተ ከ47 ዓመት በኋላ ነው። ስጦታው እውነተኛ ነበር፤ ነገር ግን መሬቱን ያጡት ሰዎች ልጆች ዘንድ ለመድረስ ግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ፈጀበት።

ይህን ስንል በሰው አገር ታሪክ ላይ ፈራጆች ሆነን መቀመጥ አይገባንም። ማካሂ በጎቹን በሚቆጥርበት በዚያው ዘመን፣ በ1894፣ የዐፄ ምኒልክ ጦር በወላይታ ላይ ዘመተ። ንጉሥ ጦና ተማረኩ። ዘመቻውን ተከትሎ የሄደው ፈረንሳዊው ቫንደርሄም እንደ መዘገበው ከምርኮው ለንጉሠ ነገሥቱ የደረሰው ድርሻ ብቻ 18,000 ከብትና 1,800 ሰው ነበር። ከዚያ በኋላ የወላይታ ገበሬ በገዛ አባቱ መሬት ላይ ገባር ሆነ። ገባርነቱ በየመልኩ እየተለዋወጠ ዘልቆ የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት መሆኑ የታወጀው የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው። ከመሬትና ከከብት የከበረው የእኛ ባለጸጋም እንደ ማካሂ ሁሉ ያልተከፈለ ዕዳ ነበረበት ማለት ነው።

ልዩነቱ ያለው ከዚያ በኋላ በተደረገው ላይ ይመስለኛል። መስጠት ለኢትዮጵያዊ እንግዳ ነገር አይደለም። ባለ ርስቱ ለደብሩ ጉልት ይሰጣል፤ የሐረር ሙስሊም ወቅፍ ያደርጋል፤ የሰሜኑ ገበሬ በጉን ለድኻ ጎረቤቱ በርቢ ሰጥቶ ግልገሉን ይካፈላል፤ ወላይታም «ኮታ» የሚለው የከብት የጋራ ባለቤትነት አለው። ነገር ግን ከሃይማኖት ተቋማት ውጭ ያለው ቸርነታችን አብዛኛውን ጊዜ ከሰጪው ዕድሜ አያልፍም። ባለጸጋው ሲሞት ተዝካሩ ይበላል፤ የቀረውም በወራሾች ክርክር ፍርድ ቤት ለፍርድ ቤት ሲንከራተት ያልቃል። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በ1961 የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥታቸውን ለዩኒቨርሲቲ መስጠታቸው እስከ ዛሬ የሚነሣው ብዙ ተከታይ ስላላገኘም ጭምር ነው።

ለዚህ ጥፋቱን በባለጸጎች ስስት ላይ ብቻ መጫን ትክክል አይሆንም። ሀብትን ለዘለቄታ ዓላማ መመደብ የሚቻልበትን መንገድ የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ደንግጎ ነበር። የጎደለው መተማመን ነው። በአንድ ትውልድ ዕድሜ ውስጥ ንብረት ሲወረስ፣ ተቋም ሲፈርስና ስሙ ሲለወጥ ያየ ነጋዴ የድካሙን ፍሬ ለሃምሳ ዓመት አደራ የሚሰጠው ለማን ነው? ማካሂ በ1919 ለዩኒቨርሲቲ ሲናዘዝ፣ መንግሥት ቢቀየር ገንዘቡ ለሌላ ጉዳይ እንደማይውል አምኖ ነበር። ለጋስነት የሚለመልመው ሕግ በሚከበርበትና ተቋማት ነጻ በሆኑበት አገር ነው የምንለው ስለዚህ ነው።

የወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ በ1999 ዓ.ም. ተቋቁሞ በዚያ ምድር ከፍተኛ ትምህርት ተጀምሯል። እንዲህ ያለ ተቋም ከመንግሥት በጀት ሌላ የአገሬው ባለሀብት አደራ የሚያኖርበት፣ ሒሳቡን በአደባባይ የሚያሳይ ቋሚ የገንዘብ ምንጭ ያስፈልገዋል። ሰጪዎችም ከማካሂ ታሪክ ሁለት ነገር ቢማሩ መልካም ነው። አንደኛው ስጦታ ከሰጪው ዕድሜ እንዲያልፍ ተቋም ውስጥ መትከል እንደሚገባ ነው። ሁለተኛው የመሬቱ ባለቤቶች ልጆች የትምህርት ቤቱን በር ለማለፍ 47 ዓመት መጠበቅ እንደሌለባቸው ነው።