የቤትን ማገዶና ኤሌክትሪክ አስቀድሞ ስለ መገመት፤ የቆቦና የራያ ቆላ ታሪክ ምን ያስተምረናል?

አንድ ቤተ ሰብ በሚመጣው ወር ምን ያህል ማገዶ ወይም የኤሌክትሪክ ኃይል እንደሚፈጅ አስቀድሞ መገመት የመሐንዲሶች ሥራ ብቻ መስሎ ይታያል። እኛ ግን ጉዳዩ የታሪክም ነው እንላለን፤ ግምት ሁሉ ካለፈው ልማድ ተነሥቶ ወደሚመጣው የሚሻገር ነውና።

አስቀድመን ከፎቅ ቤት እንነሣ። በ1990ዎቹ መጨረሻ በአዲስ አበባ የኮንዶሚኒየም ሥራ ከተጀመረ ወዲህ፣ እንጨት ማንደድ በማይመችበት ክፍል የሚኖረው ሕዝብ በዝቷል። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ይስባል። እንግዲህ 3.5 ኪሎዋት የሚስብ ምጣድ በሳምንት 2 ቀን፣ በየቀኑ 2 ሰዓት ቢሠራ 14 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል ማለት ነው። የቤተ ሰቡን ቁጥር፣ የመጋገሪያውን ቀንና የበዓሉን ዋዜማ ያወቀ ሰው የወሩን ሒሳብ በቅርብ ሊገምት ይችላል።

በራያ ቆላ ግን ሒሳቡ ሌላ ነው። ቆቦ ከወልድያ ወደ አላማጣ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ከዞብል ተራራ በስተ ምዕራብ በተዘረጋው ሜዳ ትገኛለች። የአገሩ ዋና እህል ማሽላ ነው፤ ገበሬውም ከተራራ የሚወርደውን ጎርፍ እየጠለፈ ማሳውን ያጠጣል። ፍሬው ወደ ጎተራ ሲገባ አገዳው ሦስት ሥራ ይጠብቀዋል፤ ይኸውም የከብት መኖ፣ የቤትና የአጥር መሥሪያ፣ የምድጃ ማገዶ መሆን ነው። ስለዚህ የቤቱን ማገዶ የሚወስነው የሰው ቁጥር ብቻ ሳይሆን የክረምቱ ዝናብ ጭምር ነው።

ይህንንም የድርቅ ዘመናት ያስረዳሉ። በ1965 እና በ1977 ዓ.ም. ወሎን የመታው ረኃብ በእህል ማጣት ብቻ ይነገራል። ነገር ግን ማሽላው ሲቀር አገዳውም ይቀራል፤ የተገኘችውም ለከብት ትሰጣለች፤ ከብቱ ሲያልቅ ኩበቱ ይጠፋል፤ በመጨረሻም ምሣር ወደ ቁጥቋጦው ይዞራል። የነፍስ ወከፍ አማካይ ብቻ የያዘ ገማች ይህን አያይም።

ኤሌክትሪክስ ይህን ታሪክ አልዘጋውምን? የኤሌክትሪክ መብራትና ኃይል ባለሥልጣን በ1948 ዓ.ም. ተቋቋመ፤ የቆቃ ግድብም በ1952 ዓ.ም. ተመረቀ፤ ከዚያም ወዲህ መስመሩ ወደ ብዙ ከተሞች ደርሷል። ሆኖም በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ምክንያት በሰሜን ወሎ ኃይሉ ለወራት ሲቋረጥ፣ ምጣድ የነበረው ቤት ወደ ጉልቻው መመለስ ግድ ሆነበት። በዚያን ጊዜ ቆጣሪው ዜሮ ቢያሳይም ቤቱ ጦሙን አላደረም፤ ፍጆታው ከቆጣሪው ወደ ዱሩ ተዛወረ እንጂ።

ከዚህ የምንረዳው የቆጣሪ ንባብ የፍላጎት ታሪክ ግማሹ ብቻ መሆኑን ነው። መልካም ግምት ሁለት ጥያቄ ሊመልስ ይገባዋል፤ ቤቱ ሲሞላለት ምን ያነዳል? ሲጎድልበትስ ወደ ምን ይመለሳል? ሁለተኛውን ጥያቄ የዘነጋ ዕቅድ ዕዳውን የሚያስከፍለው ዱሩንና እንጨት የምትሸከመውን ሴት ነው።

ስለዚህ ለዕረፍት ወደየአገራችን ስንሄድ እናቶቻችንንና አያቶቻችንን እንጠይቅ። በጥጋብ ዓመት ስንት ሸክም፣ በድርቅ ዓመትስ ስንት ሸክም ይበቃ እንደ ነበር በየወሩ ለይተን እንጻፍ። ይህ በቆጣሪ የማይገኝ መዝገብ ነው፤ ባለቤቶቹ ሳያልፉ ካልተጻፈም ከእነርሱ ጋር ይቀበራል።