የሰንዱቅ ቁጥር

ኩዌት፣ ኬይፋን በሚባለው ሰፈር፣ ጀምዒያ በምንለው የኅብረት ሥራ ሱቅ ውስጥ ገንዘብ ተቀባዩ ፊት ስደርስ መጀመሪያ የምጠየቀው ያው ነው፤ «ረቀም ሰንዱቅ?» የቤቱ የአክሲዮን ቁጥር ማለት ነው። ኩዌት በገባሁ በሁለተኛው ሳምንት ማማ ከቢራ፣ የአሠሪዬ እናት፣ አራቱን አሃዝ በአረብኛ ደጋግመው አስጠኑኝ። ከዕቃዎቹ ስም በፊት ያወቅሁት እሱን ነው።

ያን ቀን እናቴ ትዝ አለችኝ። ደሴ፣ በደርግ ጊዜ፣ ዘንቢል አስይዛ ወደ ኅብረት ሱቅ ስትልከኝ በሩ ላይ አቁማ «እስቲ የካርዳችንን ቁጥር በይልኝ» ትለኝ ነበር። ካርዱ ቢጠፋ ቁጥሩ እንዳይጠፋ ነው። ሰልፉ ከቀበሌው አጥር ወጥቶ መንገዱን ይይዛል። ተራዬ ሲደርስ ባለ ሱቁ ካርዱን ይገልጥና በዚያ ወር አምድ ላይ በእስክሪብቶ ምልክት ያደርጋል፤ ከዚያ ስኳሩን ይመዝናል። ሚዛኑ እስኪረጋ ዓይኔን አልነቅልም ነበር፤ እናቴ ቤት ስደርስ በእጇ አንሥታ ክብደቱን ትገምታለችና።

እነዚያ ሱቆች የመጡት ከቀበሌዎቹ ጋር ነው። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አድርጎ ነዋሪውን በቀበሌ አደራጀ። ስኳሩም፣ ሳሙናውም፣ ዘይቱም በቀበሌው ሱቅ በካርድ ይታደል ጀመር።

የኩዌቱ ጀምዒያ ታሪክ ደግሞ ከከተማው አሠራር ጋር የተያያዘ ነው። ማማ ከቢራ የተወለዱት በአሮጌው ከተማ፣ ከተማውን በከበበው የጭቃ ግንብ ውስጥ ነው። በልጅነታቸው የሚገዛ ነገር ካለ ወይ የሙባረኪያ ገበያ ነው፣ ወይ ባቃላ የሚባለው የሰፈር ሱቅ። እ.ኤ.አ. በ1946 ነዳጅ ወደ ውጭ መላክ ሲጀምር ገንዘቡ መጣ። በ1952 እንግሊዛውያን የከተማ ፕላን ባለሙያዎች አዲስ ፕላን ነደፉ፤ ከግንቡ ውጭ፣ በቀለበት መንገዶቹ መካከል፣ ሰፈር በሰፈር፤ እያንዳንዱ ሰፈር ትምህርት ቤቱን፣ መስጊዱንና ሱቁን መሐሉ ላይ ይዞ። ግንቡ በ1957 ፈረሰ፤ በሮቹ ብቻ ቀሩ። ሰዉ ወደ አዲሶቹ ሰፈሮች ሲፈልስ የሰፈሩን መሐል ማን ይያዘው የሚለውን ጥያቄ የመለሰው የ1962ቱ የኅብረት ሥራ ሕግ፣ ሕግ ቁጥር 20፣ ነው። በዚያው ዓመት ከመጀመሪያዎቹ አንዱ እዚሁ ኬይፋን ተከፈተ። ዛሬ በመላ አገሪቱ ከ50 በላይ ጀምዒያ አለ። ትልቁ ገበያ መሐል ላይ ሆኖ ትንንሽ ቅርንጫፎቹ፣ እኛ «ፈርዕ» የምንላቸው፣ በየብሎኩ ይገኛሉ። የዳቦ ቤቱም ጭስ ከዚያው ነው፤ እኔ ስመጣ ከምድጃው የወጣውን ትኩስ የኢራን ዳቦ በ20 ፍልስ እገዛ ነበር።

ማማ ከቢራ ስለ ጀምዒያ ብዙ ያወሩ የነበረው የወረራውን ጊዜ ነው። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 2 ቀን 1990 ኢራቅ ስትገባ የሱቅና የዳቦ ቤት ሠራተኞች የነበሩት የውጭ አገር ሰዎች አብዛኞቹ ሸሹ። የሰፈሩ ጎረምሶች ዳቦ መጋገር ተማሩ፤ ዱቄትና ሩዝ የሚከፋፈለው በጀምዒያ ነበር፤ ቆሻሻውንም የሚያነሡት ራሳቸው ነበሩ። የአርዲያ ጀምዒያ ሊቀ መንበር ሙባረክ አል-ኑት የአሚሩን ፎቶግራፍ አውርደህ የሳዳምን ስቀል ሲባሉ እምቢ ብለው ተገደሉ። ማማ ከቢራ ይህንን ሲናገሩ መቁጠሪያቸውን ያቆሙት ነበር። ለእኔ ሱቅ የነበረው ለእርሳቸው ምን እንደሆነ የገባኝ ያኔ ነው።

ኩዌት ነፃ የወጣችው በየካቲት 1983 ዓ.ም. ነው። በዚያው ዓመት ግንቦት ደርግ ወደቀ፤ የእኛም ኅብረት ሱቅ ብዙም ሳይቆይ ነጋዴው በየደጁ ሲከፍት ቀስ በቀስ ባዶ ሆነ። ይህንን ስመዝነው፣ ነዳጅ ያለውን አገር ከሌለው ጋር ማወዳደር ልክ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ነገር ግን ልዩነቱ በገንዘብ ብቻ አይመስለኝም። እናቴ ዓመት ሙሉ ከኅብረት ሱቅ ገዝታ ትርፍ ሲደርሳት አላየሁም። እዚህ ባለ አክሲዮኑ የጀምዒያውን ቦርድ ይመርጣል፤ የገዛው ሁሉ በቁጥሩ ተመዝግቦ በዓመቱ መጨረሻ እንደ ግዢው መጠን ድርሻው ይሰላል። ሰው የራሱ የሆነውን ሱቅ በችግር ቀን ትቶት አይሄድም።

አክሲዮኑ ግን የሰፈሩ ኩዌታውያን ነው። የውጭ አገር ሰው ቁጥር የለውም። አሥራ አንድ ዓመት በእነዚህ እጆች ተሸክሜ ያስገባሁት ሩዝ፣ ዘይትና ዱቄት ሁሉ በዚያ ባለ አራት አሃዝ ቁጥር ላይ ተጽፏል። ማማ ከቢራ ይህንን ያውቁ ነበር። ድርሻው በመጣ ቁጥር ወደ ወጥ ቤት ይመጡና ጥቂት ዲናር እጄ ላይ ጨብጠው፣ «ይሄ አንቺ የተሸከምሽው ነው» ይሉኝ ነበር። ያንን ገንዘብ ለእናቴ ስልክ ምን ምን ሆኖ እንደመጣ ነግሬያት አውቃለሁ፤ ስቃ፣ «ኅብረት ሱቁ ከፈለኝ በይኛ!» አለችኝ።

ማማ ከቢራ ካረፉ ሦስት ዓመት ሆናቸው። እኔ አሁን እዚያው ኬይፋን፣ ሌላ ቤት ነኝ፤ ለአዲሶቹ ስገዛ የእነሱን ቁጥር እሰጣለሁ። ባለፈው ዓርብ ግን ለራሴ ሳሙናና ያልተቆላ ቡና ይዤ ቀረብኩ። ልጁ «ረቀም ሰንዱቅ?» አለኝ። የማማ ከቢራን ነገርኩት። ጻፈው፣ ደረሰኙን ቆርጦ ሰጠኝ።