ከቃል ወደ ጊጋባይት፦ የመገናኛ ገደብ አጭር ታሪክ



ዛሬ የምናገረው በቤት ብሮድባንድ ላይ ስለሚጣል የዳታ ገደብ ነው። ርእሱ ለታሪክ መምህር የሚገባ ባይመስልም ገደብ ታሪክ አለው፤ ታሪኩም የቆጣሪው ታሪክ ነው።

ነገሬን ከቆቦ ልጀምር። በራያ ቆላ ዝናቡ ብቻውን ስለማይበቃ፣ ገበሬው ከምዕራቡ ደጋ በጎሊናና በሆርማት ወንዞች የሚወርደውን ጎርፍ እየጠለፈ ማሳውን ያጠጣል። ጎርፉ የጋራ ነውና በተራ ይካፈሉታል፤ የላይኛው ባለማሳ ከድርሻው ካሳለፈ የታችኛው ይደርቅበታል። ክፍፍሉ ጠብ አያስነሣም አልልም። ሙግቱ ግን ቦዩ አፍ ላይ ነው፤ ሁለቱም ወገኖች ውኃውን በዓይናቸው ያዩታል።

የመገናኛ ቆጣሪም በጥንቱ ዘመን እንዲሁ የሚታይ ነበር። ቴሌግራም ይከፈልበት የነበረው በቃል ብዛት ነው። በልጅነቴ ታላላቆቼ ቃል በጣታቸው እየቆጠሩ ሰላምታውን ሲሰርዙና ዋናውን ጉዳይ ብቻ ሲያስቀሩ አይቻለሁ። ስልክ በደቂቃ ተቆጠረ፤ ደዋዩም ሰዓቱን ያይ ነበር። ኢንተርኔት በ1989 ዓ.ም. ወደ አገራችን ሲገባ፣ በስልክ መስመር እየደወለ የሚጠቀም ሰው አሁንም የሚቆጥረው ጊዜን ነበር።

ብሮድባንድ ይህን ለወጠው። መስመሩ ሌት ተቀን ክፍት በመሆኑ መለኪያው ከጊዜ ወደ መጠን ዞረ። ፍጥነት የቦዩ ስፋት ነው፤ ገደብ ደግሞ በወር የተፈቀደው የውኃ ብዛት ነው። በሴኮንድ 5 ሜጋቢት የሚያስተላልፍ መስመር ያለ ዕረፍት ቢሠራ በሰዓት 2.25 ጊጋባይት ያወርዳል፤ 100 ጊጋባይት የተፈቀደለት ቤት በ44 ሰዓት ገደማ ይጨርሰዋል። ስልካችንና ኮምፒውተራችን ሳንነካቸው ራሳቸውን ሲያድሱም ከዚያው ድርሻ ይቀንሳሉ።

በአሜሪካ ኮምካስት የተባለው ኩባንያ የ250 ጊጋባይት ወርኃዊ ጣሪያውን ይፋ ያደረገው እ.ኤ.አ. በ2008 ነው። ከዚያ በፊት ልኩ ባልተነገረ ጣሪያ አብዝተው ተጠቅመዋል የተባሉ ደንበኞች ይቋረጥባቸው ነበር። በእኛ አገር በነሐሴ 2010 ዓ.ም. ኢትዮ ቴሌኮም የመደበኛ ብሮድባንድ ዋጋን በ54 በመቶ ቀነሰ። ትልቅ እፎይታ ነበር፤ ሆኖም የዋጋ መቀነስ ቆጣሪውን ወደ ዓይን አያቀርብም።

ለገደብ የሚቀርበው ምክንያት መስመሩ የጋራ መሆኑ ነው። እውነት ነው። ነገር ግን መስመር የሚጨናነቀው ሁሉም በአንድነት በሚጠቀምበት ሰዓት ነው፤ ወርኃዊ ጣሪያ ደግሞ የምሽቱንና የእኩለ ሌሊቱን እኩል ይቆጥራል። የራያ ገበሬ ተራ የሚያበጀው ጎርፉ በወረደ ጊዜ፣ ለሁሉም በማይዳረስበት ሰዓት ነው።

ስለዚህ ውል ስትፈርሙ ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ልኩ ስንት ነው? ሲያልቅ ይቋረጣል ወይስ ይዘገያል? ቆጣሪውን እኔ የት አየዋለሁ? «ያልተገደበ» የሚል ስም ቢኖረውም ጠይቁ። ገደብ ሁሉ በደል አይደለም፤ የማይታይ ገደብ ግን ለሙግት እንኳ ቦታ አይተውም።